የእማዬ ቬንቲላተር

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬም ጨሰ። ዳዮድ። ሽታው እስካሁን ከመጋረጃው አልወጣም። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ምን አረረብሽ አለችኝ። ሽሮ አልኳት። ከማብራራት ይቀላል።

ጥፋቱ የኔው ነው። ከአራቱ አንዱን ገልብጬ በይጄዋለሁ። ጫፉ ላይ በየት በኩል እንደሚገባ የምታሳይ ነጭ መስመር አለች፣ ሕፃን እንኳ ያያታል። አባዬ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሲሞት መበየጃውና በብስኩት ቆርቆሮ የታጨቀው ዕቃው ለኔ ቀረ። እጁ ግን አብሮት ሄደ።

ስሚ ደብተር፣ ነገሩን ባጭሩ ልንገርሽና ይውጣልኝ። የእማዬ ልብ ደክሟል። ሐኪሙ ዋናው ጠላቷ ሙቀት ነው ብሏል፣ ያውም ከምሳ በኋላ ያለው። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ልክ ያኔ ነው፣ ሰፈራችን ባልባላ በሙሉ ቬንቲላተሩን ሲከፍት። እኔ ያለኝ፦ ከከባድ መኪና ጋቢና የወጣች ትንሽ ቬንቲላተር፣ በ12 ቮልት የምትሠራ። አንድ የመኪና ባትሪ። የጎደለኝ፦ መብራት ባለ ሰዓት ባትሪውን ሞልቶ የሚያቆይልኝ ቻርጀር። የሱቁን ገዝቼ ነበር፤ የሰፈራችን መብራት ከፍ ዝቅ ሲልበት ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። እና ራሴ እሠራለሁ አልኩ። የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ አይደለሁ እንዴ።

ወንድሜ ዳዊት አገር ቤት፣ ሐረር ነው። በደወለ ቁጥር እማዬን ስጪኝ ልውሰዳት፣ እዚህ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ልቧ ትተነፍሳለች ይላል። እሷ የአባታችሁን መቃብር ጥዬ የትም አልሄድም ትላለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ስትል ደስ ይለኛል። እሷ ከሄደች እዚህ ቤት ማን አለኝ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ፣ ጠዋት

እዚህ አገር ዓርብ መ/ቤት ዝግ ነው፣ እሑድ ሥራ ነው። ከቁርስ በፊት ጀመርኩ። ትራንስፎርመሩን ያወጣሁት ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ሆድ ነው፤ ሲያነሱት ክንድ ይገነጥላል። አራት አዲስ ዳዮድ። አንድ ትልቅ ካፓሲተር። ከዚያ ባትሪው ሲሞላ ራሱ እንዲያቋርጥ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪዩት፦ ቮልቱን የምታነጻጽር አይሲ አለች፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ሪሌዋን ታዛታለች፣ ሪሌዋ መስመሩን ትቆርጣለች። ወረቀት ላይ እንዴት ያምራል።

ሰካሁት። አልጨሰም። ቮልት መለኪያው ቴስተር 13 አለ፣ ቀስ እያለ ወደ 14 መውጣት ጀመረ። ላቅፍሽ ምንም አልቀረኝም ደብተር።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ቀድሜ ደስ አለኝ። ከምሳ በኋላ ቮልቱ ወርዶ 12 ላይ ተኛ። ባትሪው ውስጥ ምንም አይገባም። ዳዮዶቹን ጠረጠርኩ፣ ፈታሁ፣ ለካሁ፣ መልሼ በየድኩ። ጤነኛ ናቸው። በመጨረሻ በንዴት ቴስተሩን ግድግዳው ሶኬት ውስጥ ከተትኩት። 170። ሁለት መቶ ሃያ መሆን የነበረበት! ጎረቤቱ ሁሉ ሲስብ የኛ መስመር አቅም ያጣል። ሰርኪዩቴ ደህና ነው፣ ሰፈሬ ነው የታመመው።

ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ጭራሹን ጠፋ። እማዬን በካርቶን አራገብኳት። እጄ ሲዝል ታያለች፣ ይበቃል ልጄ፣ ነፈሰልኝ ትላለች። ሳቆም ግን ከንፈሯ ሲጠቁር አያለሁ። መልሼ አነሳለሁ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ፔካ 12፣ የከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ፣ ሄጄ መጣሁ። ጋሽ በላይ ገብተዋል። ተሳቢ ነጂ ናቸው፣ የአባዬ ወዳጅ፣ ከአገር ቤት ሽንኩርቱንም ወሬውንም የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው። ቬንቲላተሯንም ባትሪውንም የሰጡኝ እሳቸው። አሁን ደግሞ ለእማዬ አንድ ጀሪካን ጠበል። ከየትኛው ገዳም እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፣ ጆሮዬ አልያዘውም። ብረት ብረት የሚል፣ ነጭ ኩባያ ላይ ቀይ ምልክት የሚተው ነው። ለልብ ፍቱን ነው አሉ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ቤንዚን ይዘሻል ብሎ ሊያወርደኝ ነበር። በሶማሊኛ ጠበል ምን እንደሚባል አላውቅም። ውሃ ነው ብዬ ክዳኑን ከፍቼ አስሸተትኩት። እሱም ትከሻውን ነቀነቀና ለውሃ ይህን ሁሉ መንገድ ወይ በሚል ዓይን አየኝ።

እማዬ ጀሪካኑን ስታይ ተነስታ ተቀመጠች። ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ኩባያ። ለኔም ቀዳችልኝ። ቸኩያለሁ አልኳት። ሁሌም ቸኩያለሁ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ትራንስፎርመሩ ከፍ ያለ ቮልት የሚሰጥ ሌላ ጫፍ ነበረው። ወደዚያ አዞርኩት። አሁን መስመሩ ሲደክምም ይሞላል። ስለዚህ አዲስ በሽታ መጣ፦ ባትሪው ሊሞላ ሲል ሪሌዋ ትንዘፈዘፋለች። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ትቆርጣለች፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ መልሳ ትሰጣለች፣ ቮልቱ ይወጣል፣ ትቆርጣለች።

ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ካድራ ብቅ ብላ ዋላል፣ እህቴ፣ ዶሮ ማርባት ጀመርሽ ወይ አለችኝ። ካድራ ሶማሊኛዋን በፈረንሳይኛ እየጣፈች፣ ቃል ሲያጥራት አማርኛ እየተበደረች ነው የምታወራው። እኔ ሥራ ስውል እማዬን የምታይልኝ እሷ ናት። የፈለገችውን ያህል ትሳቅብኝ።

መድኃኒቱ አንድ ትልቅ ሬዚስተር ነው፣ ከአይሲዋ መውጫ ወደ መግቢያዋ። አሁን አንዴ ከቆረጠች ቮልቱ በደንብ ካልወረደ በስተቀር አትመልስም። አባዬ ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራው ነበር። እኔ ግማሽ ቀንና አንድ የተቃጠለ ጣት ፈጀብኝ። ሪሌዋ ዝም አለች።

ሐምሌ 6፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10፡00

ሠራ። ሠራ ደብተር!

መብራት በሰባት ጠፍቷል። እኔ ከሥራ ስደርስ ቬንቲላተሯ እማዬ ራስጌ ላይ ትሽከረከራለች፣ እማዬ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች፣ የነጠላዋ ጫፍ ይርገበገባል። ጫማዬን ሳላወልቅ እዚያው በር ላይ ቆሜ አየኋት። አለቀስኩ። ጅል።

ስትነቃ ባትሪው ውስጥ የማፈሰው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ክዳኖቹን ፈትቼ የባትሪ ውሃ ስጨምር አይታኛለች። ሲሞላ ይፈላል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ካልጨመርንለት ይሞታል አልኳት። ውሃ ብቻ ነው ወይ አለች። አዎ፣ ንጹህ ውሃ፣ ግን አንቺ እንዳትነኪው፣ ውስጡ ያለው አሲድ ያቃጥላል። አሰበችበት። ከዚያ ከአልጋዋ ሆና ባትሪው ላይ አማተበችበት። ይሁን፣ አይጎዳም።

ዳዊት ደወለ። እማዬ ደህና ናት፣ ቬንቲላተር ሠርቼላታለሁ አልኩት። በኩራት።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ምንም የምጽፈው የለም። እማዬ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ትቆጣኛለች። መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ እኔ ግድ የለኝም። እንዲህ ሲሆን መጻፍ አያምረኝም፤ አንቺን የማስታውስሽ ሲከፋኝ ነው። ይቅርታ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ይኸው መጣሁ። ዛሬ ቬንቲላተሯ አንድ ሰዓት ሳትሠራ ደክማ ቆመች። ጠዋት ሙሉ ባትሪ ነበር የተውኩት። እማዬን ላብ በላብ ሆና አገኘኋት። በነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን ጠረገች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥርጣሬዬ፦ መብራት ሲጠፋ ባትሪው በራሴው ሰርኪዩት በኩል ወደኋላ ይፈሳል። በአንድ እጄ ሞልቼ በሌላው እደፋለሁ። መንገዱ ላይ አንድ ዳዮድ አስገባሁ፣ መሄድ እንጂ መመለስ እንዳይቻል።

የእማዬ ነጠላ ጥለቱ አጠገብ ተበሳስቷል። ሳጥበው ነው ያየሁት፣ ትንንሽ ቀዳዳ በቀዳዳ። ብል ይሆናል። በዚህ በጨዋማ አየር ብል እንዴት እንደሚኖር እንጃ፣ ለኛ ሲሆን ይኖራል።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ዳዮዱ አልፈየደም። ደግሞ ሌላ ምልክት፦ ሪሌዋ ጭራሽ አትቆርጥም። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ይሰማል፣ ቮልቱ ግን ልኩ ላይ አይደርስም። አይሲዋን ቀየርኩ። ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ቮልት ማስተካከያዋን ቀየርኩ። የብየዳ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንደገና አቀለጥኩ። ያው ነው። ሞልቷል ብዬ ስነቅለው እስከ ማግስቱ ድረስ ማንም ሳይነካው ራሱ ይወርዳል። የት ይሄዳል? ማን ይጠጣዋል?

አንድ ደህና ነገር አለ፦ ይህን ያህል ፈልቶም ውሃው አልጎደለም። ክዳኖቹን ከፍቼ አየሁ፣ ሁሉም እስከ አፉ ነው። አንድ ሥራ ተቀነሰልኝ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ምናልባት ያረጀው ባትሪው ነው። ለጋሽ በላይ ደወልኩ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጋሽ በላይ ሌላ ባትሪ ይዘው ቤት ድረስ መጡ። የራሳቸው መጠባበቂያ፣ ገና ጠንካራ። አልቀበልም አልኩ፣ ለአባትሽ ቤት ነው ብለው ተቆጡኝ። ተቀበልኩ።

እማዬ ጠበሉ አለቀ አለቻቸው። ሳቁ። ምን አደረግሽው፣ ገላሽን ታጠብሽበት ወይ፣ እኔ እኮ ለረጅም ጊዜ ይበቃታል ብዬ ነበር አሉ። እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ለካድራ ልጆች ታካፍላቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጋሽ በላይ መኪናቸው ላይ የቀረውን ሌላ ጀሪካን ነገ ሊልኩላት ነው።

በአዲሱ ባትሪ ሪሌዋ በሰዓቷ ቆረጠች። አንዲት ቀጭ፣ ከዚያ ጸጥ። የታመመው ባትሪው ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም። ዛሬ ራሴን ይቅር ብያለሁ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛውም ያው ሆነ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ተራ፦ መጀመሪያ ቬንቲላተሯ ቶሎ ትደክማለች፣ ከዚያ ሪሌዋ መቁረጥ ትተዋለች፣ ከዚያ ባትሪው ቀኑን ሙሉ በከንቱ ይንተከተካል። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ቻርጀር። ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም።

ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃው ሙሉ ነው፣ ግን ቡናማ ሆኗል። ውስጡ ያሉት ሳህኖች እየፈረሱ ነው ማለት ነው። አብዝቼ አፍልቼያቸዋለሁ። እንዴት ብዬ? ቮልቱ እኮ አላለፈም! ቴስተሩ ቢዋሽ ነው ብዬ እዚህ ከተማ መሀል ካለው ሜኔሊክ አደባባይ ጀርባ ካንድ ሱቅ ሌላ ቴስተር ተዋስኩ። አይዋሽም። ሰርኪዩቱን ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁ። ስህተት የለበትም። ስህተት የሌለበት ነገር ባትሪ ይገድላል። ከዚህ በላይ የት ልፈልግ?

መበየጃውን ወደ ብስኩት ቆርቆሮው መልሼ ከደንኩት። ትንሽ ቆይቼ አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት። የአባዬ እጅ ለዚህ ሥራ ነበር፣ የኔ እጅ የኮንቴይነር ወረቀት ለመተየብ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት የሰው ባትሪ ማጥፋት ነበረብኝ።

እማዬ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ መጥታ ራሴን ዳበሰችኝ። አይዞሽ፣ ይድናል አለችኝ። ያን እርግጠኝነት ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ፣ ከሰዓት 12፡00

ዛሬ መጻፍ አቅቶኛል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ካምሲኑ ነፈሰ፣ ያ አቧራ የተሸከመ እሳት ነፋስ። መስኮት መክፈት አይቻል፣ መዝጋት አይቻል። መብራት ከወትሮው ቀድሞ ጠፋ። እኔ ለአንድ መርከብ ወረቀት መ/ቤት ታግቻለሁ። ስልኬ ጮኸ፣ ካድራ። እማማ አትተነፍስም አለች። ወረቀቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ሚኒባስ እስኪሞላ አልጠበቅኩም፣ ታክሲ ይዤ በረርኩ።

ካድራ ልብሷ ሁሉ በላብ ርሶ እማዬን ከኋላዋ ቀና አድርጋ ይዛለች፣ በሌላ እጇ ካርቶን ታራግባለች። ክንዷ እየተንቀጠቀጠም አላቆመችም። የእማዬ ከንፈር ጠቁሯል። ትንፋሿ አጭር አጭር፣ እርጥብ። ራስጌዋ ላይ ቬንቲላተሯ ቆማለች። እኔ የሠራኋት።

ሐኪም ቤት። ኦክስጅን። መርፌ። ሳንባዋ የያዘው ውሃ ወረደላት፣ ከንፈሯ ተመለሰ። የፍልሰታን ጾም ይዛለች፣ እህል እስከ ከሰዓት አትቀምስም ብዬ ለሐኪሙ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ደጋ ውሰዷት አለ። ሌላ እንዲህ ያለ ቀን አትችልም።

ለዳዊት ደወልኩ። ና ውሰዳት አልኩት። አልኩሽ አልነበር ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለም። መጣሁ ብቻ አለ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ዳዊት መጣ። ሸብቷል። ቬንቲላተሯንና ቻርጀሩን አየ፣ የአባዬ ሥራ ይመስላል አለ። ሊያጽናናኝ ነው። ባይለው ይሻል ነበር።

እማዬ አልሄድም አለች። ቁጭ ብለን ለመናት። ዳዊት እስከ ጥቅምት ብቻ ነው፣ እዚህ ሲቀዘቅዝ ትመለሻለሽ አላት። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። አትሂጂ እንድላት ጠበቀች። እኔ ወለሉን አየሁ። ቆይታ ይሁን አለች፣ ካስቸገርኳችሁ አለች። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ከናጋድ ባቡር ጣቢያ መመለሴ ነው። እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት። ታክሲው ደጅ ቆሟል። ዳዊት ሻንጣ ያወጣል። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለችና በሩን ዝጊው አለችኝ። ዘጋሁት። ጀሪካኑን በእግሯ ከአልጋው ሥር ወደኔ ገፋችው።

«ይቺን አደራ። ትንሽ ቀርታለች። ጠዋት ጠዋት ለባትሪው ስጪው።»

አልገባኝም። ለማን አልኳት።

«ለባትሪው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ከኔ ጠበል እያካፈልኩት ነበር፣ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ። እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ጾሙ ከገባ ወዲህማ ሁሉንም ለሱ ነው። እሱ ከዳነ እኔ አጠገብሽ እቆያለሁ ብዬ። ይድናል፣ ጊዜ ስጪው።»

ደብተር፣ ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ ልነግርሽ አልችልም። ብረት ብረት የሚለው ውሃ። ኩባያው ላይ የሚቀረው ቀይ ምልክት። ስንት ፈልቶ ያልጎደለው የባትሪ ውሃ። ቡናማው። ከጊዜው በፊት ያለቀው ጀሪካን። ነጠላዋን የበሳሳው ብል አልነበረም፣ ከክዳኑ የተረጨ አሲድ ነው። ብረት የገባበት ባትሪ የማንንም ቻርጀር አይቀበልም፤ የተሰጠውን በውስጡ ይጨርሰዋል። ሰርኪዩቴ ትክክል ነበር። ከዚያች ከሐምሌ 6 እሑድ ጀምሮ ትክክል ነበር።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ዳዊትን ሻንጣውን መልሰው፣ በሽታውን አገኘሁት፣ ሌላ ባትሪ አመጣለሁ፣ እማዬ አትሄድም ማለት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ነበረ። ግን ምኑን አገኘሽው ቢለኝስ? በሷ ፊት ምን ልበል? ለራሷ ሳትጠጣ የሰጠችው ጠበል፣ እኔ ጋ ለመቆየት የሰጠችው፣ ባትሪውን የገደለው እሱ ነው ልበላት? ደግሞም ያ የጠቆረ ከንፈር አለ። አንዲት ዳዮድ ብትቃጠል፣ እኔ መ/ቤት ብታገት፣ ካድራ ገበያ ብትሆን። የሷን ትንፋሽ በኔ ብየዳ ላይ ላንጠለጥል?

እሺ እማዬ፣ እሰጠዋለሁ አልኩ።

እጆቿን አየሁ። የጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ተላልጧል። ሳምኩት። ምን ሆንሽ አለችኝ፤ አሲዱ እንዳቃጠላት ገብቶኝ እንደሆነ ፈራች መሰለኝ። ምንም፣ ልትሄጂ ነው አልኳት።

የእሷ አባት የድሮውን ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ እዚሁ ተቀበረ። ልጁ በአዲሱ ሐዲድ ወጣች። በመስኮቱ እጇን ስታወዛውዝ መስታወቱ አቧራ ስለነበረው ፊቷን በደንብ አላየሁትም።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 11፡00

ጋሽ በላይ እማዬ መሄዷን ሰምተው ሳልጠይቃቸው ባትሪ ላኩ። ምን ያደርግልኛል ብዬ ሰነበትኩ። ዛሬ ሰካሁት። የባትሪ ውሃ ብቻ፣ ሌላ ጠብታ የለም።

ከምሳ በፊት ሪሌዋ ቆረጠች። አንዲት ቀጭ። ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቬንቲላተሯን ከፈትኩ። እስካሁን ትሠራለች፣ አልደከመችም፣ ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። ባዶው አልጋ ላይ አንሶላው ይርገበገባል። ተቀምጬ አየዋለሁ። ካድራ ድምፁን ሰምታ ገባች፣ ከኔ ጎን ቆመች፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወጣች።

እማዬ ደወለች። ሐረር ብርድ ነው አለች፣ በነሐሴ ጋቢ ለብሼ! ትንፋሿ ረጅም ነው፣ በስልክም ይሰማል። የሐረሩ ሐኪም ሁለተኛ ቆላ አትውረጂ ብሏታል። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረችኝ። ጥቅምትስ አልኳት። እግዜር ያውቃል አለች።

ከዚያ ያ ባትሪ እንዴት ሆነ አለችኝ። ቬንቲላተሯን ወደ ስልኩ አስጠግቼ አሰማኋት።

«ጠበሉን ሰጠሽው?»

ሰጠሁት እማዬ።

ሳቀች። ከወራት በኋላ የሰማሁት ሳቅ። ስልኩን ከአፏ አርቃ ለዳዊት ስትነግረው ይሰማኛል፣ አላልኩም፣ ዳነ እኮ ትላለች። አጠገቧ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው የምትናገረው። ስልኩን ዘጋሁና አንሶላው ላይ ተደፋሁ። ጀርባዬን ነፋሱ አበረደኝ።

ተነስቼ ከአልጋው ሥር ጀሪካኑን አወጣሁ። የቀረው ሁለት ኩባያ ቢሆን ነው። መድፋት አልችልም። ለባትሪውም አልሰጥም። ነገ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሷ ኩባያ እኔ እጠጣዋለሁ። ሳልቸኩል።